በአየር ላይ የጠበቀ ቡሎን

በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ሰው ከመኪና በላይ ነው፤ ከመኪና በታች የሚውለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ምድር ቤት ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሰዎች የቀለዱ ይመስላቸዋል እንጂ የተናገሩት አድራሻውን ነው። ጎልማሳነቱን የጨረሰው ካርቶን ላይ ተንጋሎ የሰው መኪና ሆድ እያየ ነው። ዝናብ መምጣቱን ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ውኃው መጀመሪያ የሚደርሰው ከጀርባው ሥር ነዋ።

ሙያው የፊት እግር ነው። የመኪና የፊት እግር ማለት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ክንዶች፣ ንዝረቱን የሚውጠው አሞርዛተር፣ ከመሪው ጋር የሚዞረው ቴስቲና፣ እንዲሁም ክንዶቹ በሚገጠሙበት ቦታ የሚገቡት ጎሚኒ የሚባሉ የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሲያረጁ ይጮኻሉ። ሰውም ሲያረጅ ይጮኻል። ልዩነቱ የመኪናው ጩኸት ሰሚ ማግኘቱ ነው።

የጋራዡ ባለቤት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። በዕድሜ ስለሚያንስ ምድር ቤትን «ጋሼ» ይለዋል። አክብሮቱም ይህን ይመስላል፦ «ጋሼ፣ እባክህ ግባበት»፤ «ጋሼ፣ ዘይቱ ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ»፤ «ጋሼ፣ ምሳህን ትንሽ ቆየት አድርጋት»። ከብዝበዛ ሁሉ የዘመድ ብዝበዛ ይከፋል። ሰው በማዕረግ እየተጠራ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ሰልፍ አይወጣበትም፣ መፈክር አይጻፍበትም። የምን መፈክር? «የአማቴ ልጅ ይውደም» ተብሎ እሁድ እዚያው አማት ቤት ምሳ ሊበላ?

ከጋራዡ በር አጠገብ የመለዋወጫ መሸጫ መስኮት አለች፤ ከመስኮቷ ጀርባ ደግሞ ትራስ የተነጠፈበት ወንበር። እዚያ ይቀመጥ የነበረው ሻጭ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሄደና ወንበሩ ባዶ ቀረ። የምድር ቤት ወገብ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጠዋት ካልሲ የምታደርግለት ሚስቱ ናት።

«ወንድሜን አናግረው እንጂ» አለችው አንድ ቀን ጠዋት፣ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ። «አንተ ካላናገርከው እኔ አናግረዋለሁ።»

«አንቺማ እንዳትሞክሪው። ሚስቱ አማልዳው ወጣ ይሉኛል።»

«ታዲያ በምን ልትወጣ ነው? እንደ መኪና በክሪክ ተነሥተህ?»

አናገረው። ባለ ጋራዡ አገጩን እያሸ፣ አገር የሚያስተዳድር ሰው መስሎ አሰበ።

«ጋሼ፣ ወንበሩማ ያንተ ነው። ሌላ ለማን ልሰጠው ነው? ይቺን የጡሩምባን መኪና ብቻ ድምፅዋን አጥፋልኝ። ዛሬ ጸጥ ብላ ከበር ከወጣች ሰኞ መስኮቱ ላይ ነህ። ካልወጣች ግን ሰው ምን ይለኛል? መኪና ያላዳነውን ሰው ሾመ አይለኝም?»

ጡሩምባ ሹፌር ነው። ደህና አደርክ ሲልህ ጆሮህን የምትይዝለት ዓይነት ሰው ነው። ያቺ አነስተኛ የጭነት መኪናው ከፊት ጓ ጓ ማለት ስትጀምር፣ ማንንም ሳያስመረምር አሞርዛተር ቀየረ፤ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሞርዛተር ነው» ብለው ወስነውለት ነበር። ጓታው ቀጠለ። ቴስቲና ቀየረ። ጓታው ቀጠለ። ጡሩምባ እንደ ብዙው ሰው መመርመርን እንደ ስድብ፣ መቀየርን እንደ ሕክምና ይቆጥራል። መሥሪያ ቤቶቻችንስ የሚመሩት እንዲሁ አይደል? ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሰው ይቀየራል፤ ድምፁ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

በመጨረሻ ወደ ምድር ቤት መጣና የታችኛዎቹን ክንዶች ጎሚኒ አስቀየረ። ጓታው በእርግጥም ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሲጥ ሲጥ የሚል ሌላ ድምፅ ተተካ፤ ጡሩምባም በዚያው ዕለት ሰፈሩን እያስበረገገ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

የዚያ ጋራዥ ሕግ ደግሞ አንድ ነው። መኪና ከተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ራሱ ይገባበታል። ሌላ ሰው አይነካለትም፤ ቁልፍ እንኳ አያቀብለውም። ያጠበቀው ሰው ሥራ ለቆ ከሆነ ከቤቱ ያስጠሩታል። የሚገርመው ይመጣል።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ጡሩምባ ከጋቢናው ሳይወርድ። «ዕቃ ሞልቼ ስሄድ ከፊቴ አይጥ ነው እንዴ ያስገባህብኝ? ሕዝብ ዞሮ እያየኝ ነው!»

«አንተን ሕዝብ ዞሮ ያላየበት ቀን አለ?» አለ ምድር ቤት። «ውረድና የፊት ባምፐሩ ላይ ቁምልኝ።»

«ለምን?»

«ከፍ ዝቅ በልበት። ክብደትህ ለአንድ ነገር ይጥቀም።»

ጡሩምባ እያጉረመረመ ወጣበትና ተወዛወዘ። መኪናዋ ሲጥ አለች። ምድር ቤት በጉልበቱ ተንበርክኮ እጁን በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ሰደደ። አሞርዛተሩን ያዘ፤ ዝም ነው። ቴስቲናውን ያዘ፤ እሱም ዝም። መዳፉን ከታችኛው ክንድ መገጣጠሚያ ላይ ሲያሳርፍ ግን ድምፁ ከጆሮው በፊት ለጣቶቹ ደረሰው። ብረቱ ሥር የሆነ ነገር እየተጨነቀ ነው። ሳሙና የተበጠበጠበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አንሥቶ ጎሚኒው ላይ ረጨበት።

«ቀጥል።»

ጡሩምባ ዘለለ። ጸጥታ። ደግሞ ዘለለ። ጸጥታ።

«በስመ አብ! ዳነች! ምን አጠጣሃት?»

ምድር ቤት ያጠፋው ነገር የገባው ያኔ ነው። የጎሚኒ ቡሎን የሚጠብቀው መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ፣ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ ነው። በክሪክ ተነሥቶ ጎማው እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን ካጠበቅከው፣ ላስቲኩ በተንጠለጠለበት ልክ ይያዛል። ከዚያ መኪናው ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሌት ተቀን ሲጥ ይላል፤ ሲመረው ይቀደዳል። ይህን በጋራዡ ውስጥ ለሁሉም ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ያን ቀን ግን ወገቡ አልታዘዘውም። መኪናው እንደተነሣ ከሆነ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ማጥበቅ ይቻላል፤ መሬት ላይ ከወረደ ግን በጀርባ ተንጋሎ መግባት ነው። ተቀምጦ አጠበቀ። አስተማሪው በተማሪው ላይ የሚስቅበትን ስህተት ሠራ።

ባለ ጋራዡ ጸጥታውን ሰምቶ እጁን እያፋተገ ብቅ አለ።

«አላልኩም? ጋሼ እኮ ነው! ጡሩምባ፣ በል ውሰዳት። ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሰኞ ቱታ እንዳትለብስ፤ ሸሚዝ አድርገህ ና።»

ነገሩ አለቀ። ሳሙናው እስኪደርቅ መኪናዋ ትሄዳለች። ጡሩምባ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነሣ። ምድር ቤት የሳሙናውን ጠርሙስ እንደያዘ ቆመ፤ ወንበሩን በመስኮቱ በኩል አየው፤ ትራሱ አበባ አለበት። ከዚያም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ያቺ መኪና እየጮኸች በበሩ ስትገባ ታየው። ሕጉ ሕግ ነው፤ ያጠበቀው ይገባበታል። ሸሚዙን አውልቆ፣ በሁሉም ፊት ከወንበሩ ወርዶ፣ እንደገና ካርቶን ላይ። አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ተጠርቶ መውረድ ደግሞ ጨርሶ ካለመውጣት ይብሳል። ሕሊናው ወቀሰው የሚል ካለ ይበል፤ ሰውየውን ያስጨነቀው ወንበሩ ነው።

«አጥፋው ሞተሩን» አለ። «አልዳነችም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ባለ ጋራዡ። «ጸጥ ብላለች እኮ!»

«ሳሙና ነው። እኔ ነኝ በአየር ላይ ያጠበቅኩት።»

ጡሩምባ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ «ሳሙና?» አለ። ባለ ጋራዡ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ካርቶኑን ወዲህ በለው» አለ ምድር ቤት፤ ወዲያው ማንም እንደማያቀብለው ትዝ አለውና ራሱ ሄዶ ጎትቶ አመጣው።

ገባ። መኪናዋ መሬት ላይ ናት፤ በአፍንጫውና በሻንሲው መካከል መዳፍ እንኳ አይገባም። ቡሎኖቹን አላላ። የተጠመዘዘው ላስቲክ ተፍታቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰማው፤ አልተቀደደም። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በሁለት እጁ እየጎተተ፣ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። በዚህ በኩል ጨርሶ በዚያኛው በኩል ሲደግም፣ የመጨረሻው ቡሎን ላይ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጡሩምባ። «አሁን ደግሞ ምኑ ነው የጮኸው?»

«መኪናዋ አይደለችም» አለ ድምፅ ከሥር።

ሕጉ ስለ ቁልፍ ማቀበል እንጂ ሰው ስለ መጎተት አይናገርም። ጡሩምባና ባለ ጋራዡ ካርቶኑን ከሁለት ወገን ይዘው እንደ ሣጥን ሳቡት። መነሣት አልቻለም። ጡሩምባ በዚያ ጉልበቱ አቅፎ አቆመውና፣ ከዚያ መኪናውን በጎርበጥባጣው መንገድ ነድቶ ተመለሰ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። ባለ ጋራዡ ትንሽ አኮረፈ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ሊያጥፍም አይችልም ነበር፤ ምድር ቤት ከእንግዲህ መኪና ሥር መግባት ቀርቶ ማጎንበስም አይችልም።

ሰኞ ሸሚዝ አድርጎ መጣ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ ላይ እሳት የለቀቁበት ያህል ተሰማውና ዘሎ ተነሣ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ያው ነው። ስለዚህ ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ በሁለት ክርኑ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጎሚኒ ሊገዛ የመጣ አንድ ደንበኛ «አባቴ፣ ወንበር እያለልዎት ምነው ቆሙ?» ቢለው፣ «ዛሬ መቆም አምሮኝ ነው» አለና ጎሚኒውን አቀበለው።

ማታ ሚስቱ ጫማውን ስትፈታለት ቀና ብላ አየችው።

«እና ወንበሩ እንዴት ነው?»

ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆሟል።

«ለስላሳ ነው» አላት። «በጣም ለስላሳ ነው።»