ከሚስቱ ሳይክል የተረፈው

ሳይክል ጠጋኙን ሰፈሩ «ጋሽ ይሁን» ይለዋል። ለሁሉም ነገር መልሱ ያችው ናት። «ጋሼ፣ ለነገ ይደርስልኛል?» «ይሁን።» «አዲስ ጎማ አልችልም፣ ያገለገለ ይፈልጉልኝ።» «ይሁን።» እሱ ቤት አዲስ ዕቃ አይገዛም። ከሞተው ይፈታና ለታመመው ይገጥማል፤ ትንሽ ዘይት ካገኘ የዛገ ካቴና እንኳ ነፍስ ይዘራበታል።

ሚስቱ ስትሞት አላለቀሰም። ጎረቤት «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እያለ አማው። ይማው! እንባው የገባበት ጠፍቶት እንደሆነስ ማን ጠየቀው? በማግስቱ ሱቁን ከፈተ፣ ሳይክሏን ግድግዳው ላይ ሰቀላት።

ከዚያ የዳቦ አዳዩ ካቴና ተበጠሰ፤ ከሷ ሳይክል ፈታለት። ቀጥሎ ኮርቻዋን ለልብስ አጣቢዋ፣ ፔዳሏን ለመምህሩ፣ ጎማዎቿን ለአናጺው። ደወሏ ለፋብሪካው ዘበኛ ሄደ። ሲፈታ ምንም አልተሰማውም።

ሴት ልጁ ከሌላ ከተማ የመጣችው እዚሁ ሥራ አግኝታ ነው። «አባዬ፣ በእማዬ ሳይክል ነው የምመላለሰው» ብላ ወደ ግድግዳው ቀና ስትል፣ የተሰቀለው ባዶ ብረት ነበር።

«ሌላውስ?»

ማን ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ ነገራት።

«እንዴት አስቻለህ?»

«እንጃ። ዕቃ ጠፍቶ ነበር።»

«የሷ የምለው እሱን ብቻ ነበር! አንድም ሳይቀር ሰብስበህ ትገጥምልኛለህ።»

«ይሁን። ለነሱ ከሌላ አሮጌ እፈታላቸዋለሁ።»

አመሻሽ ላይ ተኳርፈው ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ ከመንገዱ ጥግ ደወል ጮኸ። አባትየው ተነሳና የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሳይክሏ ላይ ከኋላዋ የምትጭነው የጨርቅ ጥቅል በአንዱ መዝጊያ አያሳልፋትም ነበር። ስለዚህ ጥግ ላይ ስትደርስ ትደውል፣ እሱም ይከፍት ነበር። አሁን ግን ለሌሊት ፈረቃ የሚሄደው ዘበኛ እጁን አንስቶለት አለፈ። አባትየው ዘግቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለምን ከፈትክ?» አለችው።

«ተደወለ እኮ።»

«ማታ ማታ ነው የምትከፍተው?»

ጥቂት አሰበ። «መሰለኝ» አለ።

ያ ሁሉ ንዴቷ ውሃ ሆነ።

ጠዋት መፍቻውን ይዞ ሊሰበስብ ሲወጣ በሩ ላይ ደረሰችበት። «አባዬ፣ ደወሉን ለዘበኛው ተወው።»

«ያለ ደወል ሰው ትገጫለሽ።»

«አፍ አለኝ፣ እጮሃለሁ።»

«ይሁን» አለ።

የዚያን ዕለት ማታ ደወሉ ሲጮህ ድካሙን አይታ ቀደመችውና በሩን እሷ ከፈተችው። እሱ ከአግዳሚው አልተነሳም። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር ተቀምጦ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ዘበኛው አለፈ። ማንም አልገባም።

ያኔ አለቀሰ።