ኩርሙክ የደረሰው ደብዳቤ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረው የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት የግቢያቸውን የወሬ ጋዜጣ ላከልኝ። መምህራኑ ሥርዓተ ትምህርቱን ሊያሻሽሉ ተሰብስበዋል ይላል። ከእንግዲህ ሐኪም ልሁን ያለውም፣ መሐንዲስ ልሁን ያለውም መጀመሪያ በጋራ የሚማረው ትምህርት ይኖራል፤ አንዱም አሳብን በጽሑፍ መግለጽ ነው። ልጁ ከጋዜጣው ጋር ባያያዘው ወረቀት ላይ «አባባ፣ ጊዜያችንን ሊያባክኑብን ነው» ብሎ አማርሯል። ብቻዬን ሳቅኩ። በእሱ ዕድሜ እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ።

የተማርኩት አሶሳ አጠገብ በነበረ ኸልዋ ነው፤ ኸልዋ የምንለው የቁርአን ተማሪ ቤት ነው። በቀርከሃ የተማገረ ሰፊ ቤት ነበር። ቀለማችንን ከጥላሸትና ከሙጫ እንበጠብጣለን፣ ሉህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ ስንሸመድደው በውሃ አጥበን ሌላ እንጽፋለን። እጄ ቆንጆ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሉሄን እያዩ «ማሻላህ!» ሲሉ አንገቴ ይረዝማል። የማላውቀው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ያልሸመደድኩትን ቃል ከራሴ አውጥቼ መጻፍ አልችልም ነበር። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልጠየቀንም።

የጠየቀችኝ እናቴ ናት። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ወረቀት ከነጋዴ ለምና አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኩርሙክ ላለው ወንድሜ ጻፍልኝ» አለች። «እርሻው ከአቅሜ በላይ ሆኗል፣ ጎተራውም ባዶ ነው፤ ከዝናቡ በፊት ድረስልኝ በለው።»

«ወደዚያ ለሚሄደው ነጋዴ ለምን በቃል አትነግሪውም?»

«ጎተራዬን ለአገር ላሳይ? አንተን ለምን አስተማርኩ?»

አልችልም ማለት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ከሸመደድኩት አንዱን ምዕራፍ አሳምሬ ጻፍኩ። እሷም ማንበብ ባትችልም መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አየችው፣ ሳመችው፣ አጥፋ ለነጋዴው ሰጠችው።

ዝናቡ ገባ። አጎቴ አልመጣም። እኔና እናቴ በዶማ የቻልነውን ያህል ቆፈርን፤ ግማሹን መሬት ሣር በላው። በዚያ ክረምት ገንፎ ብርቅ ሆኖብን ከጫካ የቀርከሃ ቡቃያ እያመጣን ቀቅለን በላን። ቡቃያው በደግ ጊዜ ይጣፍጣል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ጉሮሮ ይይዛል። እናቴ ስለ ረሃቡ አላማረረችም። «ወንድሜ ረሳኝ» ብቻ ትል ነበር። ይህን ባለች ቁጥር ዶማዬን አንስቼ ወደ እርሻው እወጣ ነበር።

ፈኪ ሀምዳን የመጣው ያን ጊዜ ነው። ፈኪ ማለት የኸልዋ መምህር ነው፤ የቀድሞው ወደ ሱዳን በመሄዱ እሱ ተተካ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። በመጣ በሳምንቱ ወላጆችን ሰብስቦ፣ ፈኪም ይሁን ነጋዴ ወይም ገበሬ የሚሆን፣ ማንኛውም ተማሪ ወደሚቀጥለው ትምህርት ከማለፉ በፊት ለዘመዱ ደብዳቤ መጻፍና የመጣለትን ማንበብ መቻል አለበት አለ።

ቤቱ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ልጆቻችንን የሰጠንህ ለአላህ ቃል ነው እንጂ ለገበያ ወሬ አይደለም» አሉ። ከተማሪዎቹ መካከል ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ይህ ሰው ወደመጣበት ይመለስ አልኩ።

ሲበተኑ ጠራኝ። «የሌሎቹ ገባኝ» አለ። «አንተን ግን ምን አስፈራህ?»

አልቅሼ ሁሉንም ነገርኩት። ዱላውን ጠበቅኩ፤ አልመታኝም።

«ሉህህን እጠብ» አለኝ። «አሁን እናትህ ያለችህን ንገረኝ። በቋንቋህ፣ ልክ እንዳለችው።»

ያን ቀን የቋንቋችን የበርታ ቃል በእጄ ሲጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እርሻ። ጎተራ። ድረስልኝ። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ስጽፍና ሳጥብ ከረምኩ፤ ሽማግሌዎቹም ልጆቻቸው ደብዳቤ ሲያነቡላቸው ቀስ በቀስ ረገቡ።

መንገዱ ሲደርቅ ከነጋዴዎች አህያ ኋላ ተከትዬ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ኩርሙክ ወረድኩ። ወደ ቆላው ስንወርድ ነፋሱ ይሞቃል፤ በየመንገዱ ኮምጣጣውን የሁመር ፍሬ እየመጠጥን ጥማችንን አሳለፍን። አጎቴ አቅፎ ሳመኝ፤ ከዚያም ክንዱን ገልጦ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አሳየኝ።

«እህቴ የላከችልኝ ነው» አለ። «ፊደል ለሚያውቅ ሰው ባሳየው የቁርአን ቃል ነው አለኝ። ወላሂ፣ ካሰርኩት ወዲህ ጊንጥ አልነካኝም።»

 እናቴ ያለችውን የጻፍኩበትን አዲስ ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩለት፤ የሆነውንም ነገርኩት።  ከዚያ ተነስቶ አህያውን ይጭን ጀመር።

«ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ» አለኝ።

የነገራት ግን ሌላ ነው። «ስንፍና ይዞኝ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ» አላት። አፌን ልከፍት ስል በዓይኑ ከለከለኝ። እርሻውን አብሮን መነጠረ፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ዝናብ ሳይቀድመው ይደርስ ነበር። እናቴ በመጣ ቁጥር ገንፎውን በባምያ ወጥ እያቀረበችለት «ያን ክረምት ያስራበኸን!» ትለዋለች። እሱም «እውነትሽን ነው እህቴ» ይላታል። እኔም ብዙ ዓመት ሰምቼ ዝም አልኩ።

እናቴን ቀብረን ስንመለስ «አጎቴ፣ ሳልነግራት ሞተች» አልኩት።

«ተወው» አለኝ፣ እንባውን እየጠረገ። «ቁጣዋን ለምጄው ነበር። ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል?»

አሁን እሱም ፈኪ ሀምዳንም የሉም። ዛሬ ጠዋት ለልጅ ልጄ መልስ ስጽፍ ስለ ትምህርቱ ልመክረው ጀምሬ ተውኩት። በምክሩ ፈንታ ይህን ሁሉ ጻፍኩለት፤ ከሁለቱ ሌላ ሰው ሲያውቀው የመጀመሪያው ነው። ለእናቴ አፌ ያልደፈረውን እጄ ጻፈው። ያንን እጅ ያስተማረውን ሰው አላህ ይማረው።