መንሻቸውን ወደ ሰማይ የቀሰሩት አጎቴ

አጎቴ ደባርቅ ላይ ገብስ ሲያበራዩ አውሮፕላን ካለፈ ሥራ ያቆሙ ነበር። ጭሱ የተወው ነጭ መስመር ቶሎ ከጠፋ ይቀጥላሉ፤ ሰፍቶ ደመና ከሆነ መንሻቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው “እህሉን ሸፍኑ!” ይላሉ።

“አያ፣ አውሮፕላን ደግሞ ዝናብ ይወልዳል?” እንላቸዋለን።

“ሳቁ! ገብሱ ሲበሰብስ ታለቅሳላችሁ።”

በደርግ ጊዜ አንድ ካድሬ ይህን አይቶ “ለጠላት አውሮፕላን ምልክት ይሰጣል” አለ። ከአውድማው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። የት እንዳደረሷቸው ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ የመለሰልኝ የለም።

ዛሬ ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ላይ መሣሪያ ጭነው፣ ሌላ አውሮፕላን በአየር ላይ እየተከተሉ የጭሱን ብናኝና የሚፈጥረውን ደመና ይለካሉ። ማንም አያስራቸውም። አጎቴ ግን ቀና ብለው ስላዩ መቃብር እንኳ የላቸውም።

ባለፈው ኅዳር መስመሩ ከአውድማችን በላይ ሰፋ። ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅን፤ “ሸፍኑ” የሚል አልነበረም።