ጋሽ ደምሴና አምስት ጥንድ ጫማ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር፣ አሣ ከሚጠበስበት ዳስ ጎን ተቀምጠን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ ክራሩን መቃኘት ጀመረ። መቃኛው እንጨት ሲጠመዘዝ ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። እኛ ሙዚቀኛ ነን የምንል ሰዎች ቀን ቀን ሌላ ነን፤ አንዱ ፋርማሲ ይሠራል፣ አንዷ ታስተምራለች፣ እኔ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ። እሑድ እሑድ መሣሪያችንን ይዘን እንገናኝና ከምንጫወተው ይልቅ የምናወራው ይበዛል። የዚያን ዕለት ወሬው በየበዓሉ መድረክ ላይ ስለገጠመን ነገር ነበር።

ተራው የሳሙኤል ሆነ፤ ፋርማሲ የሚሠራው እሱ ነው። አምና አንድ በዓል ላይ ሲጫወት፣ መቼም ሲጫወት ማለት ሲያስመስል ነው፣ ድምፁ የሚመጣበት ፍላሽ ተበላሽቶ ዘፈኑ መሐል ላይ ቀጥ አለ። «እኔ ግን አልቆምሁም! ዓይኔን ጨፍኜ መደርደሬን ቀጠልሁ!» አለና በአየር ላይ ጣቶቹን እያርገበገበ አሳየን። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልሁት።

«ኧረ ትርንጎ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ላንተ ጨዋታ ነው» ብዬ አሣውን ገፋሁት። ሳሙኤል ምንም አላጠፋም። እኔ የተናደድሁት አንገቱ ላይ ባጅ ባንጠለጠለ፣ ስሙን እንኳ በማላውቀው ሰውዬ ላይ ነበር፤ እሱን ካየሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል። የተናደድሁበት ሌላም ሰው አለ፤ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ደምሴ ጎረቤታችን ነበሩ። ፋሲሎ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ተሻግሮ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። የቆላ ድባ ሰው ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው ለሥራ መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ የሽመና ማሽን አጠገብ ቆመው የኖሩ። ሰማያዊ ካፖርታቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ የጥጥ ብናኝ አለ፤ ቅንድባቸው ላይም። ከፋብሪካ ሲመለሱ ብስክሌታቸው ኋላ ላይ ክራራቸው በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ታስሮ ይመጣል። ሥራ ቦታ ምን እንደሚያደርግላቸው እንጃ። እናቴ «ሰውየው ሚስት ቢያገቡ ይሻላቸው ነበር፣ ይኸን እንጨት አዝለው ከሚዞሩ» ትል ነበር፤ ግን እኔን ክራር እንዲያስተምሩኝ የላከችኝም ራሷ ናት።

የሚቃኙበትን መንገድ መጀመሪያ ቀን ሳይ ደንግጫለሁ። ክራሩን እንደ በቆሎ እሸት ወደ አፋቸው አስጠግተው የላይኛውን አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩን፣ በጥርሳቸው ነከሱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጅማቶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ እያደረጉ መቃኛውን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። ክራሩን ሲመልሱልኝ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር፤ ቅኝቱ ግን አንዲት እንከን የለበትም። ሙዚቀኛ ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ መስሎኝ ቤት ሄጄ የራሴን ስነክስ እናቴ በጥፊ ነው ያላቀቀችኝ።

የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ አይሰሙም። ጨርሶ አይሰሙም ማለቴ አይደለም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ጮክ ላለ ሰው ከንፈሩን እያዩ ይመልሳሉ። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን በልቶታል። ዜማውን የሚሰሙት በጥርሳቸው በኩል፣ በአጥንታቸው ነበር። ምቱን ደግሞ በእግራቸው። የሙዚቃ ክለባችን የሚለማመድበት የቀበሌው አዳራሽ መድረክ ጣውላ ነው፤ ጫማቸውን አውልቀው ይቆሙበታል፤ ታደለ ከበሮውን ሲመታው ጣውላው ይነግራቸዋል። ይኸን ከክለባችን ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደብቁልኝ ብለው አላዘዙንም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልምምድ ስንጨርስ፣ «ሰው ሲሰማ ደንቆሮ ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ደግሞ ክራሩን ያስረሳዋል» አሉ፤ በቃ።

ስድስት ነበርን። ጋሽ ደምሴ፤ ቀን ብስክሌት የሚጠግነው ከበሮ መቺው ታደለ፤ አንድ ዋሽንት ነፊ፤ ሁለት ድምፃውያን እኅትማማቾች፤ እኔ። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ባዶ እግራቸውን ቢቆሙ ሰው ለምን ይላልና፣ ታደለ አንድ ቀን የራሱን ጫማ አውልቆ ጥግ ላይ ወረወረው። ሁላችንም ተከተልነው። ከዚያ በኋላ የትም ስንጫወት ባዶ እግራችንን ነው። ያየን ሰው ሁሉ የባህል ልብሱ አካል ይመስለው ነበር፤ አንድ መምህርማ «ትሕትናቸው!» ብሎ አድንቆናል። ጋሽ ደምሴ ለምን እንደምናወልቅ ያውቁ ነበር። አንድም ቀን አላመሰገኑንም፤ ግን ከልምምድ በፊት መድረኩን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ፤ ስንጥር እንዳይወጋን።

ታዲያ እንዲህ ስንጫወት ማን ይስታል? እሳቸው አይስቱም። ጆሮ ያለን እኛ እንስታለን እንጂ እሳቸው ከምቱ ፀጉር ታህል ፈቀቅ ብለው አያውቁም። ለሠርግ ተጫውተናል፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ ተጫውተናል፣ ሐሙሲት ድረስ በአይሱዙ ተጭነን ሄደን በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተጫውተናል፤ ከጎንደር የሚመጣ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ ብሎ አጨብጭቦልናል። የዚያን ቀን ጋሽ ደምሴ ጭነት መኪናው ላይ ቆመው ሲስቁ አየኋቸው፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ የሐይቁ ዳር በዓል መጣ። አንድ ኮሚቴ ለአማተር ክለቦች ጥሪ አወጣና ለመምረጫ የሚሆን አንድ ዘፈን በካሴት ቀድታችሁ አምጡ አለ። በአዳራሹ፣ ከታደለ ወንድም በተዋስነው ቴፕ፣ ቀዳን። ተመረጥን። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለው መጡ። ሃያ ምናምን ዓመት በኖሩበት ከተማ፣ ከተማው በሙሉ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ሊቆሙ ነው። ለእናቴ «እስቲ እርስዎም ይምጡ፣ ፊት ወንበር ይያዙ» ብለዋታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እናቴም ለእኔ አዲስ ቀሚስ አሰፋችልኝ።

መድረኩ ሥር ስንደርስ ጫማችንን አወለቅን። ባጅ ያንጠለጠለው ሰውዬ ወረቀት እያገላበጠ መጣና «ካሴታችሁ ገብቷል፤ እናንተ መንቀሳቀስ ብቻ ነው» አለን።

ታደለ «እንዴት መንቀሳቀስ?» አለው።

«ፕሌይባክ ነዋ! ማይክ የማስተካከያ ጊዜ የለንም። አንተም ከበሮውን እንዳትመታው፣ አስመስል።»

ቀና ብዬ መድረኩን አየሁት። ብረት ነው፣ በላዩ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ከበሮው ካልተመታ፣ ጣውላው ካልተናገረ፣ ጋሽ ደምሴ ዘፈኑ መቼ እንደጀመረ እንኳ አያውቁም። የገዛ ጣቶቻቸው ካሴት ላይ ይጫወታሉ፣ እሳቸው ደግሞ በሕዝብ ፊት የማይሰሙትን ራሳቸውን ሊያሳድዱ ነው። ይኸ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ እኮ አይሰሙም!» ብዬ ጮህሁ። «ከበሮው በእግራቸው ካልመጣላቸው አይችሉም! የምራችንን እንጫወት!»

ላድናቸው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ላድናቸው ነበር። ሰውዬው እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «አይሰሙም? ክራር ደርዳሪው? ጉድ እኮ ነው!» ዘወር ብሎ ለጓደኛው ነገረው፤ እሱም ሳቀ። «በሉ እሳቸው ይቅሩ። መድረክ ላይ ቀልድ አልፈልግም። እናንተ ውጡ፣ ሁለት ደቂቃ አላችሁ።»

ጋሽ ደምሴ ያልነውን አልሰሙም። ግን ሳቁን አይተዋል። «ምን አለ?» ብለው አንድ በአንድ ፊታችንን ተመለከቱ። እኅትማማቾቹ መሬት መሬት ያያሉ። መጨረሻ ላይ ታደለ ፊታቸው ቆሞ፣ ቃላቱን በከንፈሩ እየጎተተ፣ ነገራቸው፤ ማን እንዳወጣው ግን አልነገራቸውም። እሳቸው እኔን አዩኝ። ከሁላችን እኔን።

«ውጡ እንጅ» አሉ። «ሕዝብ አታስጠብቁ።»

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ አላልቅ የሚለኝ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ታደለ፣ ጫማውን መጀመሪያ ያወለቀው ታደለ፣ «እሳቸው ካልወጡ አንወጣም» ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔም አላልሁም። ልጅ ስለነበርሁ ነው እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ውሸቴን ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር፣ እናቴ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፣ መድረኩን ፈለግሁት። ከባለ ባጁ ሌላ የተናደድሁበት ሰው ያልሁት ይኸች ቀሚስ ለባሽ ናት።

ወጣን። ካሴቱ ጀመረ። የመጀመሪያው ድምፅ የጋሽ ደምሴ ክራር ነው፤ መግቢያው የእሳቸው ነበርና። እንደዚያ ቀን አምሮ ሰምቼው አላውቅም፤ ያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞት ሐይቁ ላይ ወጣ፣ ታንኳ ላይ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩ። የክራሩ ባለቤት ከመድረኩ በታች፣ አምስት ጥንድ ጫማ ፊታቸው ደርድረው፣ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። እኔ የማይሰማ ክራር እየነካካሁ ፈገግ እላለሁ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጆቹን አዩና እሳቸውም አጨበጨቡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ክራሬን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድሁ። ሻይ ከፔርሙዝ ቀዱልኝ። «እንዴት ነበር አንች?» አሉኝ።

«ጥሩ ነበር፣ ጋሼ።»

«ቃኝተሽ ነው የወጣሽው?»

«አዎ» አልሁ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ክራሬን ተቀበሉኝና ቀንበሩን ነከሱት። አንዱን ጅማት ነኩ። ሁለተኛውን ነኩ። ክራሩ ከልምምድ ወዲህ ያልተቃኘ ነበር፤ የላላው ላልቶ፣ የጠበቀው ጠብቆ። ለማስመሰል ማን ይቃኛል? ሦስተኛውን ሳይነኩ አፋቸውን አነሡ። ቀስ ብለው፣ ጊዜ ወስደው፣ ሁሉንም ቃኙና መለሱልኝ። ሻዬን ትቼው ወጣሁ።

ልምምድ ተመልሰው አልመጡም። ክለቡም ከእሳቸው በኋላ ወር አልቆየም። ታደለን ዛሬም አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ ስለ ልጆቹ እንጂ ስለዚያ ቀን አንነጋገርም። ጋሽ ደምሴ በዓመቱ ጡረታ ወጥተው ቆላ ድባ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። ቆላ ድባ ሩቅ ነው? ጠዋት ተነሥቶ ሐሙሲት ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ የጎንደርን መንገድ ይዞ ቀጥሎ፣ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ ነው። ነገ ነገ ስል አልሄድሁም። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ቅቤ ልትሸጥ ከመጣች የአገራቸው ሴት ነው። እኔ ዛሬ «ፍላሽ ይዘሽ ነይ» ካሉኝ መድረክ እቀራለሁ። ሦስት በዓል ቀርቻለሁ። ግትር ናት፣ ነገረኛ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። ለእሳቸው አንድ ቀን መሆን የነበረብኝን ግትር ሰው አሁን ለማያውቋቸው ሰዎች እየሆንሁ ነው፤ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል?

ጋሽ ደምሴ ከተማውን የለቀቁ ዕለት እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ስመለስ እናቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ፈታሁት፤ ስድስት የክራር ጅማት ነው፤ ራሳቸው ከበግ አንጀት አጥበው፣ ገትረው፣ አጥር ላይ ያደረቁት። ቀጭኑም ወፍራሙም በየተራው ተጠምጥሞ በክር ታስሯል።

«ምንም አላሉም?» አልኋት።

«‹መድረክ ስትወጣ ቃኝታ ትውጣ› ብለውሻል» አለች። ቀጥላም፣ «ምን ማለታቸው ነው?»

«እንጃ» አልኋት።