ጸደንያ በሩን ላለመዝጋት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ በር ቀጥሎ የምትኖረው ሴት ጸደንያ ትባላለች። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ቀጠን ያለች፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ሰው ላለመረበሽ ቀስ ብላ የምትረግጥ ናት። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ጥርሱን ያመመው ሰው ይቆጣል፣ ይሳደባል፤ እሷ «ይቅርታ፣ ትንሽ ይታገሡ» እያለች ዓመታት አልፈዋል። ስለ እሷ የምጽፈው አንድ ነገር ላለማድረግ የቻለችውን ሁሉ ስላደረገች ነው፤ እናቷን ቤት ውስጥ ቆልፋ ላለመሄድ።

እናቷ እማማ በቀለች በደህናው ጊዜ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ይሠሩ ነበር። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ዘመድም አልነበረም። ያኔ የሚኖሩት ጎፋ ሰፈር፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ማታ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄን አደራ» ይሉና ይሄዳሉ። ጸደንያ አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ማን እንዳበላኝ፣ ማን እንዳስተኛኝ አላውቅም። አንዳንዴ ስነቃ ራሴን ሰው ቤት አገኘዋለሁ። ግን በር ተዘግቶብኝ አያውቅም።»

ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ደርሷቸው ጀሞ ከገቡ በኋላ ጥቂት ዓመት ደህና ኖሩ። መርሳቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምሩ ነበር። ከዚያ የሞተች ጎረቤታቸውን እየተጣሩ መፈለግ ጀመሩ። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ፣ ይኼ ቢያዘገየው እንጂ አያድነውም ብሎ ቁርጡን ነገራት። ጠበልም ተሞከረ። ሠራተኛ ተቀጠረች፤ «ነጠላዬን ሰረቀችኝ» ብለው አባረሯት፣ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነበር። ሌላ መጣች፣ ዓረብ አገር ሄደች። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሌሊት እየቀሰቀሱ «ተነሽ፣ ፈረቃችን ደርሷል» ሲሏት ጊዜ ልብሷን ሸክፋ ሳትሰናበት ወጣች።

አንድ ቀን እማማ በቀለች ብቻቸውን ሆነው በሩን ከፍተው ወጡ። አመሻሹ ላይ የተገኙት ሀና ማርያም ነው። አንድ ወያላ ሹፌሩ አጠገብ አስቀምጧቸው ነበር፤ ሰፈራቸውን ሲጠይቃቸው «ፋብሪካ አድርሰኝ፣ ረፍዶብኛል» ይሉታል። ጸደንያ እሳቸውን ልትፈልግ ሥራዋን ጥላ በመውጣቷ የክሊኒኩ ኃላፊ ይኼ ከተደገመ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አላት። እናትና ልጅ የሚበሉት ከዚያች ደመወዝ ነው።

የብሎኩ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፤ ቆልፈሽ ሂጂ፣ ለእሳቸውም ደህንነት ነው ይሏታል። እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አትቆልፍም። ጠዋት ጠዋት ወጥታ በሩን ሳብ ታደርግና ለጥቂት ጊዜ መዝጊያውን እንደያዘች ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ልጄን ያኤልን አዝዬ ስወጣ አገኛታለሁ።

ካሜራውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በረዳትነት ግማሽ ቀን እሠራለሁ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ቤቷ ቁጭ ብላ በስልኳ ክፍሎቹን ታያለች፣ ልጆቹ ሲረብሹም በካሜራው በኩል ትናገራለች። ለጸደንያ ይኼን ነገርኳት። እናትሽ ወደ በሩ ሲሄዱ ስልክሽ ይነግርሻል፣ ትናገሪያቸዋለሽ፣ ካልሰሙሽ ለጥበቃው ትደውያለሽ አልኳት። ዋይፋዩ እኛ ቤት ነው ያለው፤ ድሮም ከእነሱ ጋር ተጋርተን ነው የምንጠቀመው። በነጋታው ከሥራ ስትመለስ ካሜራውን ገዝታ ይዛ መጣች።

እሑድ ሰቀልነው። የብሎኩ ጥበቃ ጋሽ ጉርሜሳ ድሪል ተውሰው መጥተው ጥግ ላይ ግድግዳውን በሱልን። ከዚያ ገመዱን ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። የመብራቱ ገመድ ብቻ ነው ያለው፣ ምስሉ ገመድ አይፈልግም፣ በአየር ነው የሚሄደው አልኳቸው።

«በንፋስ ነዋ» አሉ፣ ሳይገርማቸው። «ንፋስ ስልክ ክፍለ ከተማ ተቀምጠን ይኼ ሊደንቀን ነው እንዴ?»

ሥራው እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። አፑን በጸደንያ ስልክ ላይ ጫንኩ፣ የዋይፋያችንን ፓስወርድ አስገባሁ፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ኪው አር ኮድ ለካሜራው አሳየሁት። ካሜራው በሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይላል፣ ዝም ይላል፣ መልሶ ያንኑ ይላል። እማማ በቀለች አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ።

«ምን ትላለች ልጅቷ?» አሉኝ።

«መገናኘት እፈልጋለሁ ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዋይፋይ ጋር።»

ትንሽ አሰቡ። «ቤተሰቡን ታውቁታላችሁ?»

ጋሽ ጉርሜሳ ድሪሉን እንደያዙ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ሳቁ። ጸደንያም ሳቀች። እሷ ስትስቅ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም፤ ትንሽ ነው።

በኋላ ችግሩ ገባኝ። ራውተራችን ሁለት ስም ያወጣል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5 አለበት። ፈጣኑ እሱ ስለሆነ እሱን መርጬ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱን ካሜራ የሠራው ልጅ፣ እነዚህ ካሜራዎች ከባለ 5ቱ ጋር አይግባቡም፣ የሚያውቁት ቀርፋፋውን ነው ሲል ሰምቻለሁ። ቀርፋፋውን ስሞክር ያዘ። ግን ግድግዳው ወፍራም ነውና ምስሉ እየተቆራረጠ መጣ። ቤታችን ሄጄ ራውተሩን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ሁለታችንን ወደሚያዋስነው ግድግዳ አስጠጋሁት፤ ያኤል ካርቱኗ ተቋርጦባት አለቀሰች። ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም ፓስወርድ ለወጥን፣ ሌላ ሰው ገብቶ እማማ በቀለችን እንዳያይ።

ጸደንያ ስልኳን ይዛ ደረጃውን ወርዳ እስከ መንገዱ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እዚያ ድረስ ትታየኛለች» አለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ጸደንያ ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ ታያለች። እናቷ ፀጉራቸውን ይፈታሉ፣ ያበጥራሉ፣ መልሰው ይጎነጉናሉ። አንዳንዴ እጃቸውን አየር ላይ እያዞሩ የሌለ ክር ያጠነጥናሉ። ማታ ማታ ቤታችን ብቅ ብላ የቀኑን ትነግረኛለች፤ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እማማ በቀለች ጫማቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ጸደንያ ቶሎ ብላ ተናገረች፦

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። አትውጪ፣ ቁጭ በይ።»

እማማ ቆሙ። ዞረው ፈለጓት፣ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ያለውን ካሜራ አገኙት።

«እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። «ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ።»

ያን ቀን ከካሜራው ሥር ቁጭ ብለው ዋሉ። ጸደንያ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም ተሳካልን ብዬ ደስ አለኝ፤ በሩ አልተቆለፈም፣ እሳቸውም አልወጡም።

ግን ልጃቸው ግድግዳው ውስጥ ያለች መሰላቸው። ማታ ጸደንያ ገብታ አጠገባቸው ብትቀመጥም ያችኛዋን አይረሷትም። ነገርን ሁሉ የሚረሱ ሰው ይህችን አልረሱም። አንድ ከሰዓት ጸደንያ ደወለችልኝ። እናቷ በርጩማ ላይ ወጥተው ወደ ካሜራው ጉርሻ ዘርግተዋል። ስልኳ ላይ መጀመሪያ የጣታቸው ጫፍ መጣ፣ ቀጥሎ ሽሮው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቡናማ ሆነ። ይውረዱ ይውደቁ ማየት አልቻለችም።

ገብቼ ሳይ በርጩማው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ደግፌ አወረድኳቸው። እጃቸው ላይ የቀረውን እንጀራ እያሳዩኝ አለቀሱ።

«አፏን አትከፍትልኝም» አሉኝ።

ካሜራውን ጠርጌ በርጩማውን ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ጸደንያም ካልቸገረ በስተቀር መናገር አቆመች። ግን ዝም ስትል እናቷ ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ ስትናገር ደግሞ ይጨነቃሉ። ሁለቱን ለማስማማት ብዙ ሞከረች፤ ድምፅዋን ቀይራ፣ ሳቅ እያለች፣ በአጭሩ። አልሆነም።

ይኼ ሙከራ ያበቃበት ቀን ክሊኒኩ በሰው ተሞልቶ ነበር። እማማ በቀለች መዝጊያውን ሲይዙ አየችና «እማዬ፣ አሁን መምጣት አልችልም፣ ጠብቂኝ» አለቻቸው። እሳቸው ወደ ላይ ቀና ብለው «ማን ነው የያዘሽ?» ሲሉ ሰማች። አንድ ሰውዬ ጉንጩን ይዞ ፊቷ ቆሟል፤ ስልኳን አስቀምጣ ስሙን መዘገበች። መልሳ ስታይ በሩ ተከፍቷል፣ ክፍሉ ባዶ ነው።

ለጋሽ ጉርሜሳ ደወለች፤ ከብሎኩ ኋላ የውኃ ቦቴ እያስተናገዱ ኖሮ አላነሱም። ለእኔ ደወለች። ከሥራ እየተመለስኩ ነበር፤ ያኤልን በጀርባዬ እንዳዘልኩ ሮጥኩ።

ያገኘኋቸው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ብረታ ብረት ቤቱ ደጅ ነው። መኪና ሳያዩ ተሻግረዋል። አንድ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ለጥቂት ስቷቸው፣ ደንግጠው ወድቀው ጉልበታቸው ደምቷል። ደሙን ልብ አላሉትም። የበያጁን የገዳን እጅጌ ይዘው ይጎትታሉ። ገዳ ወጣት ነው፤ በአንድ እጁ የብረት መቁረጫ ግራይንደር፣ በሌላው ዲጂኖ ይዟል።

«ማዘር ‹ልጄ ግድግዳ ውስጥ ቀርታለች፣ በብረትህ አውጣልኝ› አሉኝ» አለኝ። «ሕፃን መስሎኝ ነው እኮ።»

በጆሮው ነገሩን ነገርኩት። እሳቸው ግን እጅጌውን አልለቅ አሉ። እንደተያዘ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አብሮን ወጣ። እማማ በቀለች ጥጉን አሳዩት። ገዳ ዲጂኖውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጦ ካሜራውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ጸደንያ ያን ሰዓት ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ እያየችን ነበር። ልትናገር ፈልጋ እንደፈራች በኋላ ነገረችኝ።

እያለከለከች ስትገባ እናቷ ተነሱ። ክንዶቿን፣ ትከሻዋን፣ ፊቷን ዳሰሱ።

«ወጣሽ?» አሏት። «ማን አወጣሽ?»

ጸደንያ ዞር ብላ ከነግራይንደሩ የቆመውን ገዳን አየችው።

«እሱ» አለች።

እማማ በቀለች የገዳን እጅ ስመው መረቁት። እሱ መግቢያ አጥቶ መሬት መሬቱን ያያል። መርቀው ሲጨርሱ ጸደንያ ወደ ኮሪደሩ ተከትላው ወጣች፤ ሲያወሩ ከበሩ ሆኜ ሰማሁ። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ ያለ ችግር ስለሚከፈት ከውጭ መቀርቀሪያ እንዲበይድላት ለመነችው። ገዳ ዛሬ ይደር፣ ነገ አስቢበት አላት።

«ነገ ካሰብኩበት አላስበይድህም» አለችው።

እኔ መላ አይጠፋም ባይ ነኝ። ወረዳ ሄጄ ሽማግሌዎችን ቀን ቀን የሚያውል ቦታ ጠየቅሁ፤ ያለው ጧሪ ለሌላቸው ብቻ ነው፣ እሳቸው ልጅ አላቸው ተባልኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ሠራተኛ አፈላለግሁ፤ የመጣችው የእማማን ነገር ስትሰማ በዚያው ቀረች። የክሊኒኩ ኃላፊ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ አልፏታል፤ ለጸደንያ ቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ፈለግሁላት፣ አልተገኘም። እኔም ሥራዬን ልተው ብል የቤታችን ነገር አይፈቅድም።

ገዳ የበየደላት መቀርቀሪያ ላይ ቁልፍ የለም፤ እሳት ቢነሳ ማንም እንዲከፍተው ብላ ነው። የካሜራውንም ድምፅ አጠፋችው። አሁን እናቷን ታያለች እንጂ አትሰማም፣ አትናገርምም። ከሥራ ስትመለስ ቤታችን ብቅ ማለቷን ትታለች፤ ቀጥታ ገብታ በሩን ትዘጋለች።

እኔ ምሳ ሰዓት ላይ እደርስላቸዋለሁ። ትናንት መቀርቀሪያውን ከመሳቤ በፊት ከውስጥ በሩ በቀስታ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሰው ደጅ እንደቆመ እንግዳ ነው የሚያንኳኩት።

«ቤቶች» ይላሉ። ይጠብቃሉ። ደግሞ «ቤቶች» ይላሉ።

ከፈትኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰዋል።

«የዚህ ቤት ሰዎች የሉም መሰለኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ብቆም ብቆም የሚከፍት የለም።»

«ይግቡ እማማ» አልኳቸው። ምሳቸውን አቀረብኩ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣ ትንሽ ተጫወትን። ያኤል ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቤት ወስጄ ማስተኛት ነበረብኝ። እማማ በቀለች እስከ በሩ ሸኙኝ። ወጣሁና መቀርቀሪያውን መለስኩት።

ካሜራው ከበሩ ውጭ ያለውን አያሳይም። ቤቴ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ጸደንያ ናት፣ አጭር መልእክት ጽፋለች።

«ዘጋሽው?»

ያኤልን በአንድ እጄ ደግፌ በሌላው ጻፍኩላት።

«ዘግቼዋለሁ።»