አራት ረድፍ ስፌት

ለጋሼ ሜትር እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን የመለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ደንበኛ ከጠፋ ቆይቷል። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ትከሻውን አይተው ልኩን ይናገራሉ፤ «አንተ ደግሞ ዘንድሮ ምን በልተህ ነው?» ብለው ያሳፍሩታል። የራሳቸውን ልክ ግን አያውቁም። እሱን የምትይዘው ሚስታቸው ነበረች። በየዓመቱ ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ትነጥቅና «ወዲህ በል፣ ሆድህን አትሳብ» እያለች ትለካቸው ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

እሷ ባረፈች ሰሞን ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ ላላ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀበቶውን ያጠብቃል፣ ልብሱ ሲንዘላዘል ያየው ሁሉ «ምን ነካህ?» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ግን ልብስ ሰፍቶት አደባባይ አይወጣም፤ ነውር ነው። ጋሼ አንድ ረድፍ ስፌት ጨምረው አጠበቡት። ከዓመት በኋላ ሌላ ረድፍ ጨመሩ። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ስትገባ ደግሞ ሌላ። የእጃቸው ሥራ እንከን አይወጣለትምና ልጅቷ ልትጠይቃቸው ስትመጣ እንኳ «አባዬ፣ ዘንጠሃል!» ብላ ጉንጫቸውን ስማ ተመለሰች። ጋሼም ውሃ ጥሙን በለስላሳ እያስታገሱ፣ ዓይናቸው ሲፈዝ መነጽራቸውን እየወቀሱ ከረሙ።

ጉዱን ያወጣችው ተኳሿ ናት። በዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ካውያ ይዛ አሥራ አምስት ዓመት የቆመች፣ አፏ ከካውያዋ ይበልጥ የሚፋጅ ሴት ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጋሼን ሱሪ ገልብጣ ስትተኩስ ካውያው የኋላ ስፌቱ ላይ አልሄድ አላት። ጎንበስ ብላ ቆጠረች፤ አራት ረድፍ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሱሪ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«ታዲያ ይሄኛው ሰውዬ የት ሄደ?» አለች፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ።

ጋሼ ሲነኩ መቆጣት ይቀናቸዋል። «ሥራሽን ሥሪ!» አሉ። እሷ ግን ካውያዋን ነቀለች፣ ሱሪውን ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ «ወይ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ወይ ለልጅዎ እደውላለሁ» አለች። ልጃቸውን ከሚያስጨንቁ ቢሞቱ ይመርጣሉ፤ እያጉረመረሙ ተከተሏት።

«ክብደት ቀንሰዋል?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ በጭራሽ! ሱሪዬ ይኸው ልኬ ነው» አሉ፣ ከልባቸው።

ተኳሿ ሱሪውን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ዘረጋችው። ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች፤ ስትቆጥር ሳቋ ጠፋ። በእስክሪብቶዋ ሁለተኛውን ረድፍ ነካች። «ይሄ መቼ ነው?»

«ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን።»

«አራተኛውስ?»

«ልጄ የሄደች ጊዜ።»

«ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው ነበር?»

«አባቴ። በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።» መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው ልብስ ሰፊ ምን እንደሚሆን አሰቡ።

ደማቸው ሲመረመር ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ለዓይናቸው ግን በጊዜ ተደረሰለት። ሐኪሟ መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ ቀና ብላ፣ «ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አለቻቸው።

ጋሼ ቀልድ መሰላቸው። «ከስፌት መኪናዬ ጋር! በአንድ እጄ ዳቦ፣ በአንድ እጄ ጨርቅ።»

«በሽታው ከአባትዎ ወርዶ ይሆናል፤ ሐዘን ላይ ሲያገኝዎ ግን ተመቸው። አጠገብዎ ሰው ቢኖር ኖሮ ደግሞ ሦስት ዓመት አይደበቅም ነበር። ክኒኑን ከፋርማሲ ያገኙታል፤ ሰውን ግን...»

«እሱን ለኔ ይተዉት» አለች ተኳሿ።

ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ይጸዳል። ተኳሿና ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከጋሼ ጋር ይቀመጣሉ። ሰዓት ሠሪው አንዱን ወሬ አሥር ጊዜ ያወራል፤ ጋሼ አሥር ጊዜ ይስቃሉ። ለስላሳ የደበቁ ቀን ተኳሿ ፊታቸው ትጠጣባቸዋለች። ልጃቸውም ከተኳሿ ሰምታ በየማታው ደውላ «ክኒንህን ዋጥክ?» ትላለች። ሰው ሲጨነቅልህ እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሯቸው!

በየወሩ መጀመሪያም ተኳሿ ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ትነጥቃለች። በስምንተኛው ወር ወገባቸው ላይ ስትጠመጥመው ጋሼ እሷን ደስ ለማሰኘት ሆዳቸውን ነፉ።

«ሆድዎን አይንፉብኝ! ልክ ማጭበርበር በዚህ ዕድሜ?» አለች። ዳግም ለካች። «ሦስት ሳንቲ ሜትር ጨምረዋል። ያለ መንፋት።»

ጋሼ እሷ ገና ተኩሳ ያስቀመጠችውን ሱሪ አንስተው ገለበጡት። በመቀሳቸው ጫፍ የመጨረሻውን ረድፍ ተረተሩ፤ እያንዳንዷ ስፌት በደንብ ትታያቸዋለች። ክሩ ሲያልቅ ቀና አሉ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«ለምኑ?»

«ስለለካሽኝ።»

ተኳሿ ፊቷን ወደ ካውያዋ አዞረች። «ኧረ እንባዎ ሱሪው ላይ እንዳይወርድ፣ ጋሼ። አሁን ነው የተኮስኩት» አለች፤ የራሷንም በክንዷ እየጠረገች።