በሬዎቹ ያረፉ ቀን

ልጄ የተከራየው ትራክተር ማሳችንን ሲያርስ፣ የናፍጣው ሽታ በጃንሆይ ዘመን ሀቢቾ አጠገብ ወዳየሁት አንድ ጠዋት መለሰኝ። አባቴ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ነበር። ባለርስቱ ትራክተር ሲያስመጣ እኛ ልጆች እየጮህን ተከተልነው።

«ላምቤቦ፣ ይሄኛው በሬ እኮ ሣር አምጣ አይልህም!» ብሎ ጎረቤታችን በአባቴ ቀለደ።

አባቴ አልሳቀም። ቀንበሩን ከበሬዎቹ ላይ አወረደና፣ «በሉ፣ እናንተም አረፋችሁ» አላቸው። እኔ ለእረፍታቸው ከልቤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ባለርስቱ «ከእንግዲህ ጢሰኛ አያስፈልገኝም» ብሎ አስለቀቀን፤ እናቴ ከጓሮ የነቀለችውን የእንሰት ችግኝ አዝላ ከዚያ መሬት ወጣን።

«አባዬ፣ በትራክተሩ ደስ አላለህም እንዴ?» አለኝ ልጄ ከማሳው ዳር።

«ብሎኛል። ያኔ ያባረረን ሰው እንጂ ማሽን አይደለም። ስትጨርስ የጎረቤታችንንም ማሳ አሳርስለት።»